ለሐዋሳው የእንስሳት ሐኪም ምስጋና፤ የቤት ወፍ ለምታሳድጉም ጥቆማ

በሐዋሳ ከተማ፣ አቶቴ አካባቢ አነስተኛ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ከፍተው የሚሠሩ ሐኪም ለቤታችን ወፍ ስላደረጉላት ሕክምና በቤተሰቤ ስም ከልብ አመሰግናቸዋለሁ። የዘወትር ሥራቸው ከብትና ዶሮ ማከም ሆኖ ሳለ፣ ለአንዲት ትንሽ በቀቀን ሲጠሩ ሳይንቁ ቤት ድረስ መጥተዋል።

ልጆቼ ሚሚ የሚሏት ይህች ወፍ ዘሯ ከአውስትራሊያ የሆነ ባጂ የምትባል አረንጓዴ በቀቀን ስትሆን፣ ጎረቤታችን ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወሩ በአደራ የሰጡን ናት። ላባዋን ነፍታ ፍዝዝ ስትልና በተነፈሰች ቁጥር ጅራቷ ከፍ ዝቅ ሲል ብናይ አንድ መደብር ጠየቅን፤ እዚያም ወፏን ሳያዩ የዶሮ አንቲባዮቲክ በውኃ በጥብጠን እንድናጠጣት ነገሩን። ይህ ስላላሳመነን ሐኪሙን ጠራን።

እርሳቸው ወፏን ከመንካታቸው በፊት ቤቱን ተመለከቱ። ቡና የት እንደሚፈላ፣ ከሰሉ የት እንደሚቀጣጠል፣ እጣን በየስንት ጊዜው እንደሚጨስ ጠየቁ። የወፍ ሳንባ ከአየር ከረጢቶች ጋር የተያያዘና አየርን እጅግ አሟጦ የሚጠቀም በመሆኑ፣ ለእኛ ደስ የሚለን የእጣን ጭስ እንኳ እርሷን እንደሚጎዳት፣ ቴፍሎን መጥበሻ ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድላት እንደሚችል አስረዱን። የሽቦ ቤቷም ከሳሎን ወጥቶ ጭስና ነፋስ ወደማይደርስበት ክፍል ተዛወረ።

አያያዛቸው በራሱ ትምህርት ነበር። በስስ ፎጣ ጠቅልለው፣ ጭንቅላቷን በሁለት ጣታቸው መሃል ደገፍ አድርገው ያዟት እንጂ ደረቷን ፈጽሞ አልተጫኑም፤ ወፍ እንደ ሰው ድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለ የመተንፈሻ ጡንቻ) ስለሌላትና ደረቷን እያንቀሳቀሰች ስለምትተነፍስ፣ ደረቷ ከተጨበጠ ትታፈናለች። ከዚያም በወጥ ቤት ሚዛን መዘኗት። አንዲት ባጂ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ግራም የምትመዝን ሲሆን፣ ሚሚ 27 ግራም ብቻ ሆና ተገኘች። ላባ ክሳትን ስለሚሸፍን በዓይን ማየት አይበቃም፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሳትመገብ መዝነን እንድንመዘግብ አዘዙን።

ምግቧ የእህል ጥሬ ብቻ ስለነበር የቫይታሚን ኤ እጥረት የመተንፈሻ አካሏን ለበሽታ እንዳጋለጠው ገምተው፣ የታጠበ ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ቀስ በቀስ እንድናስለምዳት መከሩን። አቮካዶ ግን ለወፍ መርዝ ነው፤ በየቤቱና በየጭማቂ ቤቱ አቮካዶ በማይጠፋበት ከተማችን ይህን እያንዳንዱ ወፍ አሳዳጊ ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ። መድኃኒቱንም በክብደቷ ልክ ለክተው ሰጧት፤ እስክታገግም ሙቀት እንዳይለያት አሳስበው፣ ደግመው መጥተው አዩዋት። ዛሬ ክብደቷ ተመልሷል፤ ጫጫታዋም እንደዚያው።

ወፍ ሕመሟን እስከ መጨረሻው ስለምትደብቅ፣ ላባዋን ነፍታ ያያችኋት ዕለት ሳታድሩ ደውሉላቸው። ስልካቸውን እንድሰጥ ስለፈቀዱልኝ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እልካለሁ። ጠዋት ጠዋት ከብት ለማከም ወደ ገጠር ስለሚወጡ፣ በቀላሉ የሚገኙት ከሰዓት በኋላ ነው።