ኤሌክትሪክ ባጃጅ በወሎ፦ ለኮምቦልቻ ይሆናል፣ ለደሴ ባትሪው ይታይ

ሞተሩ አያሳፍርም። ደሴ ላይ የሚያንሰው ባትሪው ነው።

ርካሾቹ ባጃጆች አምስት ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ በተከታታይ ታስሮላቸው፣ 60 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ተብለው የሚሸጡት ናቸው። ሲባዛ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ግን ቶሎ ስለሚሞት፣ የሚሠራበት 3 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ከነተሳፋሪው 700 ኪሎ የሚመዝን ባጃጅ የሐረጎን ዳገት አልፎ ደሴ እስኪገባ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጅ ፍለጋ ነው። ሜዳ ላይ ለዚያው 25 ኪሎ ሜትር የግማሹን ያህል እንኳ አይፈልግም። ለዚህ ነው ኮምቦልቻ ውስጥ የሚያዋጣው ባጃጅ ደሴ ሲወጣ ባለቤቱን የሚያስለቅሰው።

አምስቱ ባትሪ ተያይዞ ስለሚሠራ አንዱ ሲደክም ሁሉም ይደክማል። በአሮጌዎቹ መካከል አንድ አዲስ መቀላቀል አያድንም፤ አሮጌዎቹ አዲሱን ይዘውት ይወርዳሉ። የሊቲየም ባትሪ ክብደቱ ከአሲዱ ግማሽ በታች ነው፣ ዕድሜውም በብዙ እጥፍ ይረዝማል። ዋጋው ቢከብድም ለደሴ ሌላ አንመክርም።

ቁልቁለቱ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። የቤንዚኑ ባጃጅ በከባድ ማርሽ ይያዛል፤ ይኼኛው ማርሽ የለውም። ሞተሩ ኃይሉን ወደ ባትሪው እየመለሰ የሚይዝ ቢሆንም፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ከደሴ ከወረደ ኃይሉን የሚቀበል ቦታ ስለሌለ አይዝም። ሸክሙ ሁሉ የፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል፣ ሸራው ሲግል ፍሬኑ መያዝ ያቅተዋል። ዳር ይዞ ማቀዝቀዝ ግድ ነው።

ሳይገዙ በፊት ሦስት ሰው አሳፍረው ዳገት መሐል ያቁሙትና እንደገና ያስነሱት፤ ቮልቱ ወደ 52 ከወረደ ይተዉት። ማታ ቻርጅ ሲያደርጉ ምጣድና ቻርጀር በአንድ መስመር አይሁኑ።

መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ማድረጉ በእጅጉ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም እፎይታው ለግዢው ቀን ነበር፤ ሁለተኛውን ባትሪ የሚገዛው ሹፌሩ ነው። ወጣቶችን አደራጅቶ ባጃጅ የሚያስገዛ ሁሉ ከዋጋው አስቀድሞ የባትሪውን ዓይነትና የዋስትናውን ዓመት በውሉ ላይ ያስፍርላቸው።