ሰርቨሩ የማን ይሁን? ሦስት የክላውድ አማራጮች ሲገመገሙ

አንድ ተቋም ወደ ክላውድ፣ ማለትም ሲያስፈልግ በኔትወርክ ወደሚገኝ የሰርቨርና የማከማቻ አገልግሎት፣ ለመግባት ሲነሳ ክርክሩ ወዲያው ወደ አቅራቢዎች ስምና ወደ ዋጋ ዝርዝር ይሄዳል። ከዚያ መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን መሣሪያው የማን ይሁን፣ ከማን ጋር እንጋራው፣ መረጃችንስ በማን እጅ ይቀመጥ የሚለው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ትርጓሜ ለዚህ ጥያቄ አራት መልሶች አስቀምጧል፤ እነሱም ፐብሊክ (አቅራቢ ለማንም የሚያከራየው)፣ ፕራይቬት (ለአንድ ተቋም ብቻ የሚሠራ)፣ ኮሚዩኒቲና ሃይብሪድ (ከእነዚህ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑትን ያጣመረ) ናቸው። ኮሚዩኒቲ ክላውድ ተመሳሳይ ግዴታ ያለባቸው ተቋማት በጋራ የሚጠቀሙበት ሲሆን፣ ስላልሠራሁበት አልፈርድበትም። የቀሩትን ሦስቱን ግን በምሠራበት ተቋም በየተራ ተጠቅመንባቸዋል።

የጀመርነው በፐብሊክ ክላውድ ነበር። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 ማከማቻና ሰርቨር ማከራየት ሲጀምር ከሁሉ በላይ የለወጠው የአከፋፈሉን መንገድ ነው፤ ማሽን ገዝቶ ከመትከል ይልቅ በተጠቀሙበት መጠን መክፈል ተቻለ። ይህ ጥቅም የገባኝ በምዝገባ ሰሞን ነው። በአዘቦት ቀን ሁለት ሰርቨር የሚበቃው ሥርዓታችን በእነዚያ ጥቂት ቀናት አሥራ ሁለት ይፈልጋል፤ ድሮ ለዚያ አንድ ሳምንት ስንል የምንገዛቸው ማሽኖች ዓመቱን ሙሉ ያለሥራ ይቆሙ ነበር፤ በፐብሊክ ክላውድ ግን ተጨማሪዎቹን ጠዋት ከፍተን ሰሞኑ ሲያልፍ ዘጋናቸው። ሥራው ከፍ ዝቅ ለሚልበት ተቋም ከዚህ የተሻለ አማራጭ አላየሁም።

ይኸው አከፋፈል በሌላ በኩል ይጎዳል። አንድ ባልደረባችን ለሙከራ የከፈተው የዳታቤዝ ሰርቨር አራት ወር ሙሉ ሳይዘጋ ቆይቶ፣ በመጨረሻ የታየው ሒሳብ ክፍል ደረሰኙን መስመር በመስመር ሲያነብ ነው። ዓመቱ 8,760 ሰዓት አለው፤ የተከራዩት ማሽን ሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን ይቆጥራል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሰርቨር የኃላፊውን ስምና የሚዘጋበትን ቀን ካልያዘ እንዳይከፈት ደንግገናል።

ከዚያም በላይ የከበደን ግን መውጫው ነው። መረጃ ማስገባት በአብዛኛው ነፃ ሲሆን ማስወጣት ያስከፍላል፤ ጊዜም ይወስዳል። 100 ቴራባይት በሴኮንድ 1 ጊጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር፣ መስመሩ ለአፍታ እንኳ ባይዘገይ፣ ከዘጠኝ ቀን በላይ ይፈጃል። የቆዩ ሰነዶቻችንን ወደ ራሳችን ማዕከል ስንመልስ ለዚህ በጀት የያዘ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2024 ጉግል፣ አማዞንና ማይክሮሶፍት ጠቅልለው ለሚወጡ ደንበኞች ይህን ክፍያ እንደሚያስቀሩ ማስታወቃቸው መልካም እርምጃ ነው፤ ለዕለት ተዕለት ዝውውር ግን ክፍያው እንዳለ ነው።

ፕራይቬት ክላውዱን የገነባነው በኦፕንስታክ ነው። የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳና የሰርቨር አከራዩ ራክስፔስ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመሩት ይህ የክላውድ መገንቢያ ሶፍትዌር የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበት በመሆኑ ብዙዎች ርካሽ ይመስላቸዋል፤ ወጪው ግን በሰው ጉልበት ይመጣል። ሌሊት የተበላሸ ዲስክ የሚቀይረው፣ ሥርዓቱን ወደ አዲስ እትም የሚያሻግረው፣ መለዋወጫ በመጋዘን መኖሩን የሚያረጋግጠው የራሳችን ሠራተኛ ነው። ሁለት የሠለጠኑ ባለሙያዎች በአንድ ወር ውስጥ ቢለቁ ሥራው የሚቆምበት ተቋም ፕራይቬት ክላውድ ባይሞክር እመክራለሁ። የግል ስለሆነ ብቻ ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው የሚለው እምነትም ልክ አይደለም፤ በፐብሊክ ክላውድ ሕንፃውንና መሣሪያውን የሚጠብቀው አቅራቢው ሲሆን፣ እዚህ በሩን መቆለፍም የእኛ ፋንታ ነው። ጭነቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ለሆነ ሥራ ግን፣ ለምሳሌ ለማኅደራችን፣ ከኪራይ ይሻላል።

የፋይል ማስቀመጫ አገልግሎት የሚሰጠው ድሮፕቦክስ አብዛኛውን የደንበኞቹን ፋይል ከአማዞን ወደ ራሱ መሣሪያ አዛውሮ በሁለት ዓመት ውስጥ 75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማዳኑን እ.ኤ.አ. በ2018 ገልጿል። ፊልም በኢንተርኔት የሚያሳየው ኔትፍሊክስ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2008 ዳታቤዙ ከተበላሸበት በኋላ ጉዞውን ወደ አማዞን አቅንቶ በ2016 ጨርሷል። ሁለቱም ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ አንዱ መጠኑን አስቀድሞ የሚያውቀው ግዙፍ ክምችት ነበረው፣ ሌላው ደግሞ በፍጥነት የሚያድግ ተመልካች።

አሁን የምንሠራው በሃይብሪድ ነው፤ የምዝገባው ገጽ በፐብሊክ ክላውድ፣ የተመዝጋቢዎች መዝገብ ደግሞ በራሳችን ማዕከል። መጀመሪያ ላይ ውጤቱ አሳዝኖን ነበር። አንድ ገጽ ለመክፈት ፕሮግራሙ መዝገቡን ሠላሳ ጊዜ በየተራ ይጠይቃል፤ አንዱ ጥያቄ በመስመሩ ሄዶ ለመመለስ 40 ሚሊሴኮንድ ስለሚወስድበት፣ ተጠቃሚው ምንም ሳያይ ከአንድ ሴኮንድ በላይ ይጠብቃል። ሁለቱም ወገን በየፊናው ጤነኛ ስለነበር ጥፋቱን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ጥያቄዎቹን ወደ ሁለት ስንሰበስባቸው ገጹ ፈጠነ፤ የመስመሩ ክፍያም ቀነሰ። ሃይብሪድ ክላውድ የሚያዋጣው ሥርዓቱን የት ላይ እንደሚከፍሉት ለሚያውቁ ነው። ብዙ የሚነጋገሩ ሁለት ክፍሎችን በመስመር መለያየት በየቀኑ ያስከፍላል፤ መስመሩ ሲቋረጥ ደግሞ ሁለቱም አብረው ይቆማሉ።

ለሦስቱም አማራጮች የምንጠቀምበት አንድ ፈተና አለ። ውል ከመታደሱ በፊት አንዱን ሥርዓት ከነመረጃው አውጥተን በሌላ ቦታ እናስነሣዋለን፤ የፈጀውንም ጊዜ እንመዘግባለን። ባለፈው ሙከራ ሦስት ቀን ፈጅቶብናል፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ ቀን ሙሉ የሄደው የይለፍ ቃሉን የያዘውን ሰው በመፈለግ ነው።