«ብትኖረኝም አልሸጥልሽም»

ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛል፤ ስለዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ድሮ ፒያሳ ካሜራ ይጠግኑ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ መገናኛ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ ገቡ። ምስጋናዬን ግን እዚህ በአደባባይ ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ለልጄ ቴሌስኮፕ አመጣችላት። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «525 ጊዜ ያጎላል» ይላል። ልጄ ቁጥሩን አይታ አበደች። ውስጡ ሁለት አይፒስ አለው፤ ዓይናችንን የምናስጠጋባት ትንሿ ሌንስ ማለት ነው። አንዷ ባለ 20 ሚሊሜትር፣ ሌላዋ ባለ 4። ማጉላቱን በሦስት የሚያባዛ ባርሎው የሚሉት ቱቦም ነበረው። እኛ ደግሞ ምን ቸገረን፣ ባለ 4ቷን ከባርሎው ጋር ሰክተን ጨረቃ ላይ ደገንን። ያየነው የሚንቀጠቀጥ ግራጫ ጉም ነው። ልጄ «ተበላሽቷል» ብላ ገብታ ተኛች።

ጋሼ ጋ ሄጄ፣ ይበልጥ እንድታጎላልን ብዬ፣ ከ4 ያነሰች አይፒስ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። «ብትኖረኝም አልሸጥልሽም» አሉኝ። ተናደድኩ፣ አልዋሽም።

ከዚያ ደረሰኝ ገልብጠው ሒሳብ ጀመሩ። የቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት፣ ማለትም ከፊተኛው ሌንስ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ያለው ርቀት፣ 700 ሚሊሜትር ነው። ለአይፒሷ ቁጥር ይካፈላል፤ 700 ለ4፣ 175። በሦስት ሲባዛ 525። «ካርቶኑ አልዋሸም፤ ግን አይጠቅምሽም» አሉ። ወሳኙ የፊተኛው ሌንስ ስፋት ነው። የእኛ 70 ሚሊሜትር ነው፤ በሁለት ሲባዛ 140። ማጉላቱ ከዚያ ካለፈ ምስሉ ይተልቃል፣ ይጨልማል፣ አዲስ ነገር ግን አያሳይም። «ሻይ ላይ ውኃ ብትጨምሪ ብርጭቆው ይሞላል እንጂ ሻዩ አይበዛም።»

ከመሳቢያ ያገለገለች ባለ 10 ሚሊሜትር ፕሎስል የሚሏትን ዓይነት አይፒስ አወጡ። መጀመሪያ አይፒስ የሚሰካበትን የቴሌስኮፑን አፍ ለኩ፤ አንድ ከሩብ ኢንች ነው። አንዳንድ አሮጌ ቴሌስኮፖች ጠበብ ያለ አፍ ስላላቸው ሳይለኩ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው አሉ። ይቺ 70 ጊዜ ታጎላለች። ባለ 20ዋ 35 ጊዜ ስለምታጎላ፣ ለመፈለጊያ እሷ ትበቃሻለች ብለው ሌላ እንዳልገዛ ከለከሉኝ። «ለሳምንት ወስደሽ ሞክሪያት፤ ካልወደድሻት መልሺ።» መያዣ እንኳን አልጠየቁም!

መነጽር ስለማደርግ ሌላም ነገር ነገሩኝ። ቁጥሯ ባነሰ መጠን ዓይንሽን ይበልጥ ማስጠጋት አለብሽ፤ መነጽርሽን አውልቂና ምስሉን የሚያጠራውን ማስተካከያ አዙሪ። ለእኔ ሠራ። አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ መዛባት) ላለበት ግን ማዞሩ አያስተካክልለትም።

መስከረም 2018 ላይ፣ ደመናው ገለል ሲል፣ በግማሽ ጨረቃ ጀመርን። ሙሉ ጨረቃ ላይ ጥላ ስለሌለ ጉድጓዶቹ አይጎሉም ብለውኝ ነበር። በጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሻግራችሁ አትዩም ብለውኛል፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ስለሚተፋው ምስሉ ይዋኛል። እውነታቸውን ነው፣ ሁለቱንም ሞከርነው።

ቀጥሎ ሳተርን። ቀለበቷ በዚያ ሰሞን በጠርዙ ስለዞረልን ቀጭን መስመር ብቻ ነበረች፤ በየ15 ዓመቱ ገደማ እንዲህ ትሆናለች። ልጄ ብዙ ዝም ብላ አየችና «እማዬ፣ መርፌ የተሰካባት ዶቃ ትመስላለች» አለች። አይፒሷን አልመለስናትም።

ገንዘቡን ልከፍል ስሄድ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ልጅቷ ምን አየች?» ብለው ነው።

ሌንስ የሚያስመርጣችሁ፣ ወይም ሻጋታ የያዘው ካሜራ የምታስጠግኑ ካላችሁ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ አድራሻቸውን እሰጣለሁ። ስልክ ግን አያነሱም። ምሳ ሰዓት ላይም አትሂዱ፤ ዘግተው ይጠፋሉ፣ መቼ እንደሚመለሱም እሳቸው ብቻ ናቸው የሚያውቁት።