ሐዋሳ ውስጥ የፈጠራ ጽሑፍ መለማመድ ለምትፈልጉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

አጭር ልብ ወለድም ሆነ ግጥም እየሞከራችሁ «ማን አይቶ ያርምልኝ?» ለምትሉ የሐዋሳ ልጆች አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠራ ስለለመኑኝ እዚህ አልጽፈውም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ምስጋናው ግን በአደባባይ ይሁን። ፊት ለፊት ሲያመሰግኗቸው ወሬ ይቀይራሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በታቦር ተራራ በኩል ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ እንሰበሰባለን። ነርስ አለች፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትመጣ የልብስ ስፌት ሠራተኛ አለች፣ የባጃጅ ሹፌር አለ፤ እኔ ባንክ ነው የምሠራው። በየጊዜው «ደራሲ እናደርጋችኋለን» የሚል ሥልጠና ሲታወጅ እንሰማለን፣ መጨረሻው የምስክር ወረቀትና ፎቶግራፍ ነው። እሳቸው ዘንድ የምስክር ወረቀት የለም፤ ስለ ተሰጥኦ የሚሰጥ ንግግርም የለም። ያለው መልመጃ ነው፤ መልመጃው ሁሉ ደግሞ አንድ ጠባይ አለው፦ የለመዳችሁትን መደገፊያ ይነጥቃችኋል።

ከሁሉም ያንገበገበን ከ«ነ» እስከ «ኖ» ያሉትን ሰባት ፊደላት የሚከለክለው ነው። እስቲ አስቡት፤ «ነው» የለም፣ «ነበር» የለም፣ «እና» የለም፣ «እኔ» እንኳን የለም። ተሳቢ የምታመለክተው «ን»ም አብራ ትሄዳለች። ርእሱ «አሞራ ገደል በጠዋት» የሚል ነበር፤ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ነው። ነርሷ አስቀድማ የጻፈችው እንዲህ ይላል፦ «ጠዋት ነበር። ሐይቁ ጸጥ ያለ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ በጣም ደክመው ነበር።» ክልከላው ከመጣ በኋላ ይህን ይዛ መጣች፦ «ጀልባዋ ዳር ደረሰች። ሁለቱ አጥማጆች ሳይወርዱ ተቀምጠው ቀሩ። ቆሮሶዎቹ መረቡ ውስጥ ይፈራገጣሉ፤ አባ ኮዳው ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል።» (አባ ኮዳ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቀው ትልቁ ወፍ ነው።) ድካም የሚል ቃል የለበትም፤ ድካሙ ግን አለ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ የቸኮለ ጸሐፊ ዐረፍተ ነገሩን ሁሉ በ«ነበር» ይዘጋዋል፤ የአንባቢው ጆሮም ይደነዝዛል። «ነበር» ሲወሰድበት ሰዎቹን አንድ ነገር ማስደረግ ግድ ይሆንበታል።

ፊደል ከልክሎ መጻፍ በውጭ አገርም የታወቀ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ደራስያንና የሒሳብ ሰዎች የመሠረቱት ኡሊፖ የሚባል ቡድን እንዲህ ያሉ ገደቦችን ሥራዬ ብሎ ይዟል። መምህራችን ይህን ይነግሩንና ወዲያው ወደ ቅኔ ቤት ይወስዱናል፤ ጀማሪው ተማሪ ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ ሲቆጥር ሰሙንም ወርቁንም በሁለት ቤት፣ ማለትም በሁለት ስንኝ፣ ውስጥ ማስገባት አለበት፣ ሦስተኛ ቤት የለውም። ስለ ቅኔ ከጀመሩ ማቆም አይሆንላቸውም፤ መልመጃው ሳይታረም የመሸበት ቅዳሜ አለ። ቅሬታ አይደለም፣ ቀድማችሁ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ሌላው መልመጃ አንድን የመንገድ ግጭት በሦስት ሰው ዓይን መጻፍ ነው፦ በባጃጅ ሹፌር፣ በተሳፋሪ፣ በትራፊክ ፖሊስ። የባጃጅ ሹፌሩ ጓደኛችን የራሱን ወገን አሳምሮ ይጽፋል ብለን ጠብቀን ነበር። እሱ ግን አሳምሮ የጻፈው ፖሊሱን ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ቆሞ የሚተካው ባልደረባ የዘገየበት፣ ምሳ ያልበላ፣ በሁለት ጮኸው በሚከራከሩ ሰዎች መካከል የተያዘ ሰው። በየቀኑ የሚሸሸውን ሰው ውስጡ ገብቶ አየው። እኔ የጻፍኩት ተሳፋሪ ሲነበብ አንድም ሰው አልሳቀም፣ እንዲያስቅ ነበር የጻፍኩት። አከራይና ተከራይ ያለ ምንም ስድብ የሚጣሉበት መልመጃም አለ፤ ቁጣው የሚታወቀው ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» በሚወርዱበት ቦታ ብቻ ነው።

እርማታቸውን በተለይ ላመሰግን እወዳለሁ። ዐረፍተ ነገራችሁን በራሳቸው ዐረፍተ ነገር አይተኩትም። «በጣም» ያለበትን ሁሉ በእርሳስ ያከብቡና ኅዳጉ ላይ ጥያቄ ይጽፋሉ፦ «ማን አየው?» «በምን አወቀች?» «እጁ የት ነበር?» መልሱን ስትፈልጉ ታሪኩ ራሱ ይስተካከላል። የእጅ ጽሑፋቸው ለማንበብ ያስቸግራል፤ ጠይቁ፣ አይቆጡም።

ለፈተና ድርሰት የሚዘጋጁ ተማሪዎች ሌላ መምህር ቢፈልጉ ይሻላል፤ እሳቸው ስለ ነጥብ አያውቁም፣ ማወቅም አይፈልጉም። «ጎበዝ» መባል የናፈቀውም ባይመጣ ይመረጣል። የወር ክፍያው ከአንድ ወር የኢንተርኔት ጥቅል አይበልጥም፤ ለተማሪና ሥራ ለሌለው ደግሞ ይተውለታል። ባለመስመር ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ፤ በስልክ የተጻፈ አያነቡም። ቡና የሚፈላው ከእርማቱ በኋላ ስለሆነ ምሳ በልታችሁ ድረሱ።