ኤችቲኤምኤል ይግባ ወይስ ኤስኪውኤል?

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ጀበና ቡና ይዘን «ተወዳጁ የኮድ ቋንቋ የቱ ነው?» ብለን ድምፅ ልንሰጥ ዕጩ እንመርጣለን። ፓይተንና ጃቫ ያለ ጭቅጭቅ ገቡ። ጠቡ የመጣው በኤችቲኤምኤልና በኤስኪውኤል ነው።

ኤችቲኤምኤል ድረ ገጽ ያዋቅራል እንጂ አያሰላም። «ይህን አሥር ጊዜ ድገም» ብትሉት ወይ ፍንክች! ደግሞ ሁሉም ጀማሪ የሚያውቀው እሱን ስለሆነ ድምፁን ጠራርጎ ይወስዳል። እኔ አይግባ ባይ ነኝ።

ኤስኪውኤል፣ ማለትም ከመረጃ ቋት መረጃ የምንጠይቅበት ቋንቋ፣ ግን ሌላ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አይቢኤም የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ ተወለደ። የ1999ኙ (እ.ኤ.አ.) የቋንቋው ስታንዳርድ ራሱን መልሶ የሚጠራ የመረጃ ጥያቄ ጨመረለት፤ ስለዚህ መደጋገም ይችላል። ቲዮቤ የተባለው የቋንቋዎች ደረጃ ሰንጠረዥም በ2018 (እ.ኤ.አ.) መልሶ አስገብቶታል።

ቶናው ሲቀዳ ኤስኪውኤል ገባ። የኤችቲኤምኤሉ ጠበቃ አኩርፎ «የቡናውን ሒሳብ ኤስኪውኤል ይክፈላ!» አለን።