በ4 አምፔር የሚጠጣ ውሃ፦ ካታዲን ፓወርሰርቫይቨር 40ኢ ሲመዘን

ወደብ ሳይነኩ ለሳምንታት በሸራ ጀልባ ላይ ለሚኖር ሰው ቀድሞ የሚያልቀው ውሃ ነው። ሩዝና ምስር ለወራት ይቀመጣል፣ መብራቱን ፀሐይ ትሰጣለች። 200 ሊትር የሚይዝ ታንከር ግን ሁለት ሰዎች ቆጥበው በቀን 10 ሊትር ብቻ ቢጠቀሙ እንኳ ከ20 ቀን አያልፍም። የስዊዘርላንዱ ካታዲን የሚሸጠው ፓወርሰርቫይቨር 40ኢ የባሕር ውሃን ጨው እየለየ ይህን ችግር ያቃልላል፤ የሚያወጣው ግን በሰዓት 5.7 ሊትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ ማሽኑን ይንቀዋል። ጄኔሬተር ለሌላት፣ ለሶላር የሚሆን ቦታም ለጠበባት ከ8 እስከ 10 ሜትር ለምትረዝም ጀልባ ግን ከዚህ የሚመረጥ አላገኘሁም።

ክብደቱ 11 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፤ በ12 ቮልት 4 አምፔር ይወስዳል። ፒስተኑ የባሕሩን ውሃ እስከ 55 ባር በሚደርስ ግፊት ጨውን ወደሚያስቀረው ስስ ማጣሪያ፣ ወደ ሜምብሬኑ፣ ይገፋዋል። ከሚገባው ውሃ አንድ አሥረኛው ገደማ ጨው አልባ ሆኖ ይወጣል፤ የቀረው ወደ ባሕር ይመለሳል። ትንሽ ሞተር ለዚህ ሁሉ ግፊት የሚበቃው የሚመለሰው ውሃ ዝም ብሎ ስለማይፈስ ነው፦ ግፊቱን እንደያዘ በፒስተኑ ጀርባ ገብቶ ቀጣዩን ምት ያግዛል።

ሒሳቡን እንሥራው። አራት ሰዓት ቢሠራ 23 ሊትር ያህል ይሰጣል፣ 16 አምፔር ሰዓት ይበላል። በሞቃት አገር ባሕር ላይ ጥላ ያላረፈበት አንድ 100 ዋት ፓኔል በጥሩ ቀን 30 አምፔር ሰዓት ገደማ ያስገባል፤ ስለዚህ ፍሪጅ ካልተጨመረ ይበቃል። ባትሪው ሞልቶ የፀሐዩ ኃይል ትርፍ በሚሆንበት ከቀትር በኋላ ማስነሣት ይመረጣል። በሊትር ሲሰላ ግን የሚበልጡት አሉ። ስፔክትራ ቬንቹራ 150 በ9 አምፔር ገደማ በሰዓት 24 ሊትር ያወጣል፤ ለአንድ ሊትር የሚፈጀው ኃይል የ40ኢን ግማሽ ያህል ነው። ቤተሰብ የያዘ፣ በቂ ፓኔልም ያለው ሰው ወደዚያ ቢሄድ ትክክል ነው። 40ኢን የሚለየው በእጅ መሥራቱ ነው። ባትሪው ቢሞት ወይም ሞተሩ ቢቃጠል ሞተሩን ፈትቶ የእጅ ዱላውን በመግጠም እየተፈራረቁ መግፋት ይቻላል። ክንድ ያደክማል፤ ከመሬት ርቆ ላለ ሰው ግን ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ገጠማው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሽቦ ነው። ፓምፑ በየምቱ ኃይል ስለሚጎትት ቀጭን ሽቦ ቮልቱን ይጥለዋል። ከባትሪው ደርሶ ለመመለስ 10 ሜትር ከሆነ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በ4 አምፔር 0.46 ቮልት ይበላል፤ 4 ሚሊ ሜትር ካሬው 0.17 ብቻ። ውሃ መሳቢያው በጀልባዋ ሆድ ላይ የራሱ የሆነ ዝቅ ያለ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ከሞተር ማቀዝቀዣው መስመር ጋር ከተጋራ አየር ይገባበታል፤ ከመጸዳጃ ቤቱ መውጫ ኋላ ከሆነ ደግሞ ምን እንደሚስብ መናገር አያስፈልግም። ፓምፑን በስስ ኮምፔንሳቶ ላይ፣ በተለይ ከአልጋ ራስጌ፣ አትግጠሙት፤ ሰሌዳው ድምፁን ያጎላዋል። የሚጠጣው ውሃ በሚወጣበት ቱቦ ላይ ፈጽሞ መዝጊያ አይገጠምም። ከዚያ በኩል ግፊት ከተፈጠረ ሜምብሬኑ ይቀደዳል።

በየቀኑ ስታስነሡት የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ውሃ ድፉት፤ ከዚያ በውሃው የሟሟውን ጨው በሚያሳየው በቲዲኤስ መለኪያ ለኩ፤ ወደ ታንከር የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። የባሕር ውሃ 35,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ያህል ጨው አለው። ማሽኑ በአማካይ 98.4 በመቶውን ስለሚያስቀር በ500ና በ600 መካከል ያለ ንባብ ጤናማ ነው። ጨዋማነቱ 40,000 በሚደርሰው ቀይ ባሕር ላይ፣ ከጂቡቲ ወደ ሰሜን ለሚጓዝ፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ የውሃው ሙቀትም ጨው እንዲያልፍ ያግዛል። ዋናው ነገር የመጀመሪያውን ሳምንት ንባብ ጽፎ መያዝ ነው፤ ከዚያ በድንገት ከዘለለ ሜምብሬኑ ወይም ውሃ የሚያግደው ጎሚኒ ተጎድቷል።

የሚያበላሸው ከሥራ ይልቅ ሥራ መፍታት ነው። በውስጡ የቆመ የባሕር ውሃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳት ሞተው ይበሰብሳሉ፤ ሲነሣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ሜምብሬኑም ይደፈናል። በሙቀት አገር ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ የሚቆም ከሆነ ራሱ ባወጣው ውሃ ማጠብ፣ ለረጅም ጊዜ ከሆነ ደግሞ አምራቹ የሚሸጠውን ባዮሳይድ (ጥቃቅን ነፍሳትን የሚገድል ኬሚካል) በባልዲ በጥብጦ እንዲስበው ማድረግ ያስፈልጋል። በወደብ ቧንቧ ውሃ ማጠብ ግን ክልክል ነው፤ ክሎሪን ሜምብሬኑን ይበላዋል፣ ጉዳቱም አይመለስም። ዘይትና ናፍጣም እንዲሁ ናቸው፤ ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ቀለም በሚታይበት ወደብ ውስጥ ማሽኑ አይነሣም።

ድምፁን ልብ በሉ። ጤነኛ ምት እኩል ነው። ምቱ ሲሳሳና ሲንኳኳ፣ ቱቦው ውስጥም አረፋ ሲታይ፣ ወይ የባሕሩ ውሃ ቀድሞ የሚያልፍበት 30 ማይክሮን ማጣሪያ ተደፍኗል ወይ የቱቦ ማሰሪያ ላልቷል። ማጣሪያውን በባሕር ውሃ አራግፎ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ይቻላል፤ ስለዚህ ሁለት ይዞ ማፈራረቅ ነው። በፒስተኑ ዘንግ ዙሪያ ውሃ ማንጠባጠብ ሲጀምር ጎሚኒዎቹ አልቀዋል። የመለወጫ ኪት ሳይያዝ መልሕቅ አይነሣም፤ ሲገጠምም የሲሊኮን ግሪስ ብቻ ይቀባል፣ የመኪና ግሪስ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል።

አዲሱ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ስለሚሸጥ ያገለገለ የሚፈልግ ብዙ ነው። ፓምፑ ብዙውን ጊዜ ይጠገናል፤ ለዓመታት ደርቆ የተቀመጠ ሜምብሬን ግን እንደሞተ ቁጠሩትና የአዲሱን ዋጋ ከሂሳቡ ቀንሱ። ሻጩ ጀልባዋን ከወደብ አውጥቶ ንጹሕ ባሕር ላይ አንድ ሰዓት ያሠራው፤ የወጣውን ውሃ በሊትር ስፈሩ፣ ቲዲኤሱን ለኩ። ከ5 ሊትር ካነሰ ወይም 1,000 ፒፒኤም ካለፈ በዋጋው ላይ ተነጋገሩ።