ጨዋታው አሪፍ፣ ሰዓቱ ችኩል፦ ስለ አንድ የዩዝ ወርከሮች ሥልጠና

ኢራስመስ ፕላስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም ገንዘብ፣ ስሎቬንያ ገጠር ውስጥ ለዩዝ ወርከሮች (ከወጣቶች ጋር ለሚሠሩ ሰዎች) ከተዘጋጀ ሥልጠና መመለሴ ነው። የአዘጋጁን ስም አልጠራም። ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጥቼዋለሁ።

ኢራስመስ ሲባል ብዙ ሰው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብቻ ይመስለዋል። የወጣቶች ዘርፍም አለው። ከወጣቶች ጋር የምትሠሩ ከሆነ ከ2 እስከ 60 ቀን ለሚቆይ ሥልጠና ሌላ አገር ይልካችኋል። የወጣቶች ልውውጡ ከ13 እስከ 30 ዓመት ላሉ ነው፤ ለሠራተኛ ግን የዕድሜ ጣሪያ የለም። እኔ የቡድኑ አንጋፋ ነበርኩ፣ ማንም ከቁብ አልቆጠረውም። ማስታወቂያዎቹ ሳልቶ የሚባለው የድጋፍ ማዕከላት መረብ በሚያወጣው የሥልጠና ካላንደር ላይ ይገኛሉ።

አንድ ጠዋት «አንድ እርምጃ ወደፊት» የሚባለውን መልመጃ ሠራን። መቀመጫው ስትራስቡርግ የሆነው የአውሮፓ ምክር ቤት (ከአውሮፓ ኅብረት ጋር አንድ አይደለም) ባሳተመው የሰብአዊ መብት ትምህርት መመሪያ ውስጥ ያለ ነው። ሁሉም ሰው የሌላ ሰው ሕይወት የተጻፈበት ካርድ ይወስድና መስመር ላይ ይቆማል። አሠልጣኙ «ፖሊስ ያስቆመኛል ብዬ አልፈራም» ዓይነት ዓረፍተ ነገር ያነባል። ካርዱ ላይ ለተጻፈው ሰው እውነት ከሆነ አንድ እርምጃ ትራመዳላችሁ። እኔ የደረሰኝ ሰነድ የሌለው ስደተኛ ነው። ንባቡ ሲያልቅ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ልጅ የሆነችው ግድግዳው ጋ ደርሳለች። እኔ ንቅንቅ አላልኩም። የሚታየኝ ጀርባዋ ብቻ ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው ይሄኔ ነበር። ከፊት ያላችሁ፣ ሌላው እንደቀረ መቼ ታወቃችሁ? ከኋላ የቀራችሁስ ምን ተሰማችሁ? አሠልጣኛችን ግን ሰዓቱን አየና «ቡና እንጠጣ፣ በኋላ እንመለስበታለን» አለ። አልተመለስንበትም። ቡናው ላይ አንዷ ተሳታፊ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የደረሳት ካርድ የራሷን ኑሮ የሚመስል ነበር። እሷ ትልቅ ሰው ናት፣ ትችለዋለች። ይህንኑ ከ16 ዓመት ልጆች ጋር ጀምሮ ሜዳ ላይ መተው ግን ነውር ነው።

ሁለተኛዋ አሠልጣኝ ሌላ ዓለም ናት። ጨዋታ ሲያልቅ መጀመሪያ ከገባንበት ሰው ታስወጣናለች፦ ካርዱን መልሱ፣ የራሳችሁን ስም ጮክ ብላችሁ ጥሩ። ከዚያ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። ትጠይቃለች። ዝም ካልን እሷም ዝም ትላለች፣ ክፍተቱን በወሬ አትሞላም። በመጨረሻ የሚናገረው ደግሞ ሁልጊዜ ከማንም ያልጠበቅነው ሰው ነው። ሦስቱ ኮከብ የእሷ ነው። ጨዋታማ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል።

ዩዝፓስ የሚባል የምስክር ወረቀትም ይሰጣል፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ያለ። ማርክ የለውም፤ የተማራችሁትን በ8 ቁልፍ ብቃቶች ሥር ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። ሐሳቡን እወደዋለሁ። እኛ ግን እንድንሞላው የተነገረን በመጨረሻው ምሽት፣ ሙዚቃው ከተከፈተ በኋላ ነው። ግማሹ ሰው «በቡድን መሥራት ተማርኩ» ብሎ ወደ ጭፈራው ሄደ። ማታ ማታ ሩብ ሰዓት ቢሰጡን ኖሮ የሚነበብ ነገር ይወጣው ነበር።

ምግቡ ደህና፣ አልጋው ደህና። የጉዞ ገንዘቡ በርቀት ይሰላል፦ እ.ኤ.አ. በ2024 መመሪያ ከ500 እስከ 1,999 ኪሎ ሜትር 309 ዩሮ ነበር፣ በባቡር ወይም በአውቶቡስ ለሚሄድ 417። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከኪስ ታወጣላችሁ፣ የሚመለሰው በኋላ ነው። ስለዚህ ትኬትም ሆነ ቦርዲንግ ፓስ እንዳትጥሉ።

ከወጣቶች ጋር መሥራት የጀመረ ሰው ይሂድ፣ ይጠቅመዋል። ከማመልከታችሁ በፊት ግን የየቀኑን ፕሮግራም ጠይቁ። ከቁርስ እስከ ምሳ አራት መልመጃ ከደረደሩ ሌላ ፈልጉ።